እንቅርት ያለበት ሰው ኮንትራስት ሲወጋ፦ ከጮቄ ሥር የመጡ አንዲት እናት ጉዳይ

ታካሚዋ የ58 ዓመት እናት ናቸው። የሚኖሩት በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ሆዳቸውን ለመመርመር ኮንትራስት (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጥ፣ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ) ተወግተው ሲቲ ስካን ተነሱ። ምርመራው በሰላም አለቀ። ከወር ገደማ በኋላ ግን ልባቸው ይደልቅ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ሰውነታቸውም ይከሳ ጀመር። ምክንያቱን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የታይሮይድ (እንቅርት የሚያወጣው የአንገት ዕጢ) የኑክሌር ስካን ተነሱ። ያ ስካን ደግሞ ሐኪሞቹን ወደ ተሳሳተ በሽታ ሊመራቸው ነበር።

ጉዳዩን የምጽፈው እሳቸውና ልጆቻቸው ፈቅደውልኝ ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ አሳይተውኛል። ስማቸውን አልጽፍም። ልጆቻቸው «እናና» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ነው ያለው፤ ኮንትራስት ከመወጋታቸው በፊት የተሞላው ቅጽ። ስለ ኩላሊት ይጠይቃል። ስለ አለርጂ ይጠይቃል። ስለ እንቅርት አንድም ቃል የለውም። እንቅርት በየመንደሩ ባለበት በጎጃም ደጋ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

ሲቲው ለምን አስፈለገ?

እናና ቀኝ ጎናቸውን ያማቸው ነበር። ደብረ ማርቆስ በአልትራሳውንድ ሲታዩ ጉበታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። ካንሰር ይሁን ምንም የማይጎዳ ነገር በአልትራሳውንዱ ብቻ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ኮንትራስት ያለው ሲቲ ታዘዘላቸውና ባሕር ዳር ተላኩ።

እዚህ ላይ ትእዛዙ ትክክል እንደነበር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ጉበት ላይ በብዛት ከሚታዩት እብጠቶች አንዱ ሄማንጂዮማ ነው። ይህ የደም ሥሮች ጥቅል ነው፤ ካንሰር አይደለም። ያለ ኮንትራስት በሲቲ ሲታይ ከሌላው እብጠት አይለይም። ኮንትራስት ሲሰጥ ግን ቀለሙ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይገባል። ሐኪሙ የሚያውቀው በዚህ ነው። የእናናም እብጠት ያው ሆኖ ተገኘ። ያ መርፌ ባይኖር ኖሮ ቤተሰቡ ካንሰር ነው እያለ በጭንቀት ይኖር ነበር፤ ወይም ጉበታቸው በመርፌ ይወጋ ነበር።

የምርመራው ቀን

«ምንም ሳይበሉ ይምጡ» ተብለው ነበር። እናና ጿሚ ናቸው። ለእሳቸው አለመብላት ማለት ውኃም አለመጠጣት ነው። ስለዚህ ከማታው እራት በኋላ ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ መጡ። ይህን አንባቢ ልብ ይበል። በአሁኑ የሕክምና መመሪያ ለአዮዲን ኮንትራስት ሲባል ብቻ መጾም ግዴታ አይደለም። ውኃ መጠጣት ደግሞ ይመከራል፤ ምክንያቱም ኮንትራስቱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ደግሞ ፈሳሽ ይፈልጋል። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ቀጠሮ ሲሰጠው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ቢነግረውና ከንስሐ አባቱ ጋርም ቢነጋገር ጥሩ ነው።

የኩላሊትን ጤና የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒናቸው፣ ተለክቶ ደኅና ነበር። አስም የለባቸውም። ስኳር የለባቸውም፤ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚንም አይወስዱም። መድኃኒት ተቆጥቷቸው አያውቅም። ቅጹ ላይ ሁሉም «የለም» ተብሎ ተሞላ። አንገታቸው በነጠላ ተሸፍኗል። እንቅርቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የነበረ ነው። አያምም፣ አያንቅም። እናታቸውም ነበራቸው፣ ታላቅ እህታቸውም አላቸው። «በሽታ አለብዎት?» ተብለው ሲጠየቁ አንገታቸው ትዝ አላላቸውም። ማን ይፈርድባቸዋል? በእሳቸው ቀዬ እንቅርት እንደ በሽታ አይቆጠርም።

ኮንትራስቱ በክንዳቸው ሲገባ ድንገት ሙቀት ከጉሮሯቸው እስከ እግራቸው ወረደ። አፋቸውን ብረት ብረት አላቸው። ከዚያ ሽንታቸው ያመለጣቸው መሰላቸው። ከማሽኑ ሲወርዱ ልጃቸውን «ልጄ፣ አዋረድሁሽ» ብለው አለቀሱ። ልብሳቸው ደረቅ ነበር። ይህ ስሜት በጣም የተለመደ ነው፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ ጉዳትም የለውም። ቀድሞ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ለአንዲት የገጠር እናት ያ ሀፍረት ከመርፌው ሕመም በላይ ነው።

ሰው የሚፈራው ከባድ አለርጂ በእሳቸው ላይ አልደረሰም። አለ፣ ግን ጥቂት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የወጣ ከ330 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያየ ጥናት ዛሬ በምንጠቀምበት የኮንትራስት ዓይነት ከባድ ችግር የገጠማቸው ከ10,000 ሰው 4 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በድሮው ዓይነት ቁጥሩ 22 ነበር። ከባዱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ መርፌው እንዳለቀ ቶሎ ወጥቶ መሄድ አያስፈልግም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ወዲያው መናገር ነው። ሕይወት የሚያድነው ጭን ጡንቻ ላይ የሚሰጠው የአድሬናሊን መርፌ ነው። «ዓሣ የማይስማማው ሰው ኮንትራስት አይወጋም» የሚባለው ግን ልክ አይደለም። የዓሣና የባሕር ምግብ አለርጂ የሚመጣው ከፕሮቲናቸው እንጂ ከአዮዲን አይደለም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ

ሲቲው የተነሳው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናና መክሳት ጀመሩ። ቤተሰቡ የጾሙ ነው አለ። ጎረቤትም እንዲሁ። ሌሎቹ ምልክቶች ግን ከጾም ጋር አይሄዱም ነበር። በዚያ ብርድ፣ ሌሊት ጋቢያቸውን ከላያቸው ይጥሉ ጀመር። ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ ከእጃቸው ይወድቃል። ደረጃ ሳይወጡ ልባቸው ይደልቃል። እንቅልፍ የለም። ልጃቸው ኋላ ላይ እንደነገረችኝ በጣም ያስደነገጣት የጋቢው ነገር ነው፤ እናቷ ያለ ጋቢ ሲተኙ አይታ አታውቅም።

ከዚያ የሰፈሩ ወሬ መጣ። «የወጓት ቀለም ደሟ ውስጥ ቀርቶ ነው» የሚል። ወደ ጠበልም ሄዱ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ጭንቀት ነው ተብሎ ቫይታሚን ተሰጣቸው። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት ሐኪም ነጠላቸውን ገለጥ አድርጎ አንገታቸውን ዳሰሰ። ደም አዘዘ። ታይሮይድን «ሥራ» ብሎ የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ከሚለካው በታች ወርዶ፣ ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርተው ቲ4 ደግሞ ከልኩ በላይ ወጥቶ ተገኘ። የታይሮይድ ሆርሞን በዝቷል ማለት ነው። የልብ ምታቸው በደቂቃ 118 ነበር። በኢሲጂ (የልብ ምት መቅረጫ) ሲታይ ምቱ ፈጣን ቢሆንም አልተዛባም። አስም እንደሌለባቸው አረጋግጦ የልብ ምት ማስታገሻ የሆነውን ፕሮፕራኖሎል ጀመረላቸው። የሆርሞኑ መብዛት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው።

የሰፈሩ ወሬ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ኮንትራስቱ ራሱ ደም ውስጥ አይቀርም። ኩላሊት ደኅና ከሆነ ግማሹ በ2 ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ በሽንት ያልቃል። የሚቆየው አዮዲኑ ነው።

ባዶ የመሰለው ስካን

የታይሮይድ ስካን የሚነሳው ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ተወግቶ ነው። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲንን ከደም የሚስብበት መንገድ አለው። ቴክኒሺየሙም በዚያው መንገድ ይገባል። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጋማ ካሜራ አንገት ላይ ተደርጎ ዕጢው ምን ያህል እንደሳበ ይታያል። ዕጢው ብዙ ከሳበ ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ጥቂት ከሳበ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የዕጢ መቆጣት ነው፤ ዕጢው ተጎድቶ ያጠራቀመውን ሆርሞን አፈሰሰ ይባላል። ሁለቱ የሚታከሙት በተለያየ መንገድ ነው። የተቆጣ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ የልብ ምት ማስታገሻ እየወሰዱ መጠበቅ ነው። ከልክ በላይ የሚሠራ ዕጢ ግን የሚገታው መድኃኒት ይፈልጋል።

የእናና ስካን ከሲቲው በ6ኛው ሳምንት ተነሳ። ዕጢው ምንም ያልሳበ ያህል ደብዛዛ ነበር። የመጀመሪያው ንባብ ወደ ዕጢ መቆጣት አዘነበለ። ለማንም ቢሰጥ ከምስሉ ብቻ ያንኑ ይል ነበር። በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ስለ ሲቲው የተጻፈ አልነበረም። ላኪው ሐኪም አያውቅም፤ ሲቲው የታዘዘው በሌላ ክፍል ለሌላ ሕመም ነው። ቤተሰቡም አላነሳውም። ለጉበት የተነሳ ፎቶ ከአንገት ጋር ምን አገናኘው?

አንድ አንጋፋ ሐኪም ግን ዕጢውን ሲዳስሱ ብዙ ጓል (ትንንሽ እብጠት) ያለበት፣ የማያም፣ የቆየ እንቅርት ሆኖ አገኙት። የተቆጣ ዕጢ አይመስልም። ልጅቱን «ባለፉት ሁለት ወራት እናትሽ በደም ሥር የተወጉት መድኃኒት አለ? ሲቲ ተነስተው ነበር?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ የሲቲውን ፊልም በፌስታል ይዛ ነበር፤ ቤተሰቦቻችን የሕክምና ወረቀት ሁሉ ይዘው የመሄድ ልማዳቸው እዚህ ዋጋ ነበረው። ፊልሙ ላይ ቀኑ አለ። ሪፖርቱ ላይ ኮንትራስት መሰጠቱ ተጽፏል። ነገሩ በዚያች ጥያቄ ተፈታ።

ምን ሆኖ ነው?

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። ለአንድ ሲቲ የሚሰጥ ኮንትራስት ግን እስከ 13,500 ማይክሮግራም የሚደርስ ነፃ አዮዲን ሊይዝ ይችላል። የ90 ቀን ቀለብ በአንድ መርፌ ማለት ነው። ከሞለኪዩሉ ጋር የታሰረውን አዮዲን ከቆጠርነው ደግሞ በግራም የሚለካ ነው። ታይሮይዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ይህን ጎርፍ ችሎ ያሳልፈዋል።

በደጋ አገር ግን ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦታል። እህሉም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢው ባነሰ አዮዲን ሆርሞን ለመሥራት ለዓመታት ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የሚሆነው እንደዚህ ነው። እያደር በውስጡ ጓሎች ይበቅላሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የአንጎልን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። አዮዲን እስካነሰ ድረስ ብዙ ጉዳት አያመጡም፤ የሚሠሩበት ነገር የላቸውም። ድንገት አዮዲን በገፍ ሲመጣ ያለ ገደብ ሆርሞን ያመርታሉ። ሐኪሞች ጆድ ባሰዶው ይሉታል። ምልክቱ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ዘግይቶ ስለሚመጣ ከመርፌው ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። በዕድሜ የገፉና ልብ ሕመም ያለባቸው ላይ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል፤ እናና ከዚያ መትረፋቸው ትልቅ ነገር ነው።

ስካኑ ለምን ደበዘዘ? ጠግቦ የተነሳ ሰው ሌላ እንጀራ አያነሳም። ዕጢው በሲቲው አዮዲን ተሞልቶ ስለነበር ቴክኒሺየሙን አልሳበም። ለዚህ ነው ኮንትራስት ከተወጉ በኋላ ለታይሮይድ ስካን ሁለት ወር ያህል መጠበቅ የሚመከረው። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚደረግ ሕክምናም እንዲሁ ነው።

ቤት ሲመለሱ

ዓባይ በረሃን ተሻግረው ቤት ሲገቡ ሌላ ችግር ጠበቃቸው። ምራታቸው አራስ ናት። «ጨረር ተወግተዋል» ተብሎ ሕፃኑ ለሳምንታት ከአያቱ ተከለከለ። እናና ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰበራል። ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

ኮንትራስት ጨረር የለውም። ፈጽሞ። በሲቲ ጨረሩ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በሲቲ የተነሳ ሰው ማንንም አይጎዳም። በኑክሌር ስካን ግን ጨረሩ የሚወጣው ከታካሚው ሰውነት ነው፤ ፍርሃቱ ከዚህ ይመጣል። ቴክኒሺየም ግን ዕድሜው አጭር ነው። በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚቀረው አሥራ ስድስተኛው ነው፤ በሽንት የሚወጣው ሲታከል ከዚያም ያንሳል። በዚያ ቀን ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ እጅን መታጠብ፣ ሕፃን ለረጅም ሰዓት አለማቀፍ ይበቃል። በማግስቱ እናና የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ ይችሉ ነበር።

መጠኑንም እንይ። የታይሮይድ ስካን የሚሰጠው ጨረር እንደ መጠኑ ከ1 እስከ 2.5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ነው። የሆድ ሲቲ አንዱ ዙር ብቻ 8 ገደማ ይደርሳል፤ የእናና ሲቲ ደግሞ ብዙ ዙር ነበር። ቤተሰቡ የፈራው ከሁለቱ አነስተኛውን ነው።

የምታጠባ እናት ብትሆን ምክሩ ይለያል። ከአዮዲን ኮንትራስት በኋላ ማጥባት ማቆም አያስፈልግም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው ከተሰጠው ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። ከቴክኒሺየም በኋላ እንደ መመሪያው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማቋረጥ ይመከራል። ጨረር አመንጪው አዮዲን 131 ከሆነ ግን ያን ልጅ ማጥባት ይቆማል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ከጠረጠረች ቀድማ መናገር አለባት።

ሁለተኛው ስካን

ሕክምናው ተቀየረ። ከፕሮፕራኖሎሉ ጋር ሆርሞኑን የሚገታው ፒቲዩ ተጨመረ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ደም እንዲያሠሩ ተነገራቸው፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ። ፋሲካ አልፎ፣ ከሲቲው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ ፒቲዩው ለጥቂት ቀናት ቆሞ ስካኑ ተደገመ። በዚህ ጊዜ በቀኝ በኩል ሁለት ጓሎች ደምቀው ወጡ። የቀረው ዕጢ ደብዛዛ ነው። መልሱ ይህ ነበር፤ ያለ ገደብ ሆርሞን ያመረቱት ሁለቱ ጓሎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ምን አስወጣ? ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ሁለት ስካን። በግ ተሸጧል። ቅጹ ላይ «እንቅርት አለብዎት? የታይሮይድ ሕመም ነበረብዎት?» የሚል ጥያቄ ቢኖር፣ ወይም አንድ ሰው ነጠላውን ገለጥ ቢያደርግ፣ ሲቲው አይቀርም ነበር። መቅረትም አልነበረበትም። ቀድሞ ቲኤስኤች ይለካ ነበር። ዝቅ ያለ ከሆነ የታይሮይድ ሐኪም ይማከራል። ደኅና ከሆነም ታካሚዋ «ልብዎ ቢደልቅ፣ ቢከሱ፣ ሙቀት ቢያስቸግርዎ ቶሎ ይምጡ» ይባላሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደማቸው ይታያል። በአደጋ ጊዜ ደግሞ ይህን ሁሉ መጠበቅ አይቻልም፤ ሕይወት የሚያድን ሲቲ ለእንቅርት ተብሎ አይዘገይም።

ከዚህ ታሪክ ተነስቶ አዮዲን ያለውን ጨው የሚሸሽ እንዳይኖር እሰጋለሁ። አገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ ያወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያ ጨው በየቀኑ የሚሰጠው በማይክሮግራም የሚቆጠር ጥቂት ነገር ነው። እናና በወጣትነታቸው ቢያገኙት ኖሮ ምናልባት ይህ እንቅርት አይኖርም ነበር። ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች የግድ ነው፤ የልጅ አእምሮ ያለ አዮዲን በደንብ አያድግም። ጨውን ከፀሐይና ከእርጥበት ማራቅ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር።

አሁን ክረምቱ እየወጣ ነው። የእናና የልብ ምት ወደ 80 ወርዷል፣ ክብደታቸውም እየተመለሰ ነው። የጉበታቸው እብጠት በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ኮንትራስት አያስፈልገውም። ወደፊት የግድ ጥርት ያለ ምስል ቢያስፈልግ ኤምአርአይ አለ፤ የሱ ኮንትራስት ጋዶሊኒየም እንጂ አዮዲን አይደለም፤ ኩላሊታቸው ግን ቀድሞ ይታያል። ልጃቸው በመታከሚያ ካርዳቸው ላይ «ብዙ ጓል ያለው እንቅርት፤ በአዮዲን ኮንትራስት ሆርሞን በዝቶ ነበር» ተብሎ ከነቀኑ እንዲጻፍ አድርጋለች። ለጓሎቹ ቀዶ ሕክምና ወይም አዮዲን 131 ቀርቦላቸዋል። አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ስለሆነ ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር ለቀናት፣ እንደ መጠኑም ለጥቂት ሳምንታት መራቅን ይጠይቃል። እናና የልጅ ልጃቸው ሳይለያቸው የሚሆነውን ይመርጣሉ፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው እያዘነበሉ ነው። ቀጣዩ የቲኤስኤች ምርመራቸው ከመስቀል በኋላ ነው።